ድሬ ላይ ኤሲ ከመግዛትህ በፊት ጣራውንና የምዕራቡን ግድግዳ እይ

"ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤት ልሰራ ነው፣ ብሎኬቱን ከ15 ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ባደርገው ሙቀቱን ይችልልኛል ወይስ ኤሲ የግድ ነው" ላልከው፣ 20ው ይሻላል ግን ብቻውን አያድንህም (አንተ ስላልኩህ አትቀየም፣ ድሬ ነው)። እኔ የመጀመሪያ ቤቴን በ20 ብሎኬት ነው ያሰራሁት፣ ግን መኝታ ቤቱን ወደ ምዕራብ አዙሬ ትልቅ የአልሙኒየም መስኮት ገጠምኩበት፣ ጣራውን ቀይ ኤጋ ቆርቆሮ አለበስኩ፣ ኮርኒሱ ደሞ ጥርቅም ያለ፣ አየር መውጫ የሚባል የለው። ግንቦት ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድግዳውን ስነካው አሁን ከእሳት የወረደ ምጣድ በለው፣ ልጆቹ ፍራሽ እየጎተቱ በረንዳ ያድሩ ነበር። ኤሲ ገዛሁ፣ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ እኛ ጋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ በሰኔማ ትንሽ ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚጠበሰው ጣራው ነው። ከሰዓት ደሞ ዝቅ ብላ በምዕራብ ቀጥ ብላ ትገባለች፣ እዛ ጋ የጣራ ክፈፍ ብታስረዝም እምብዛም አይጋርድልህም። ቤቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አርዝመውና መስኮቶቹን በሰሜንና በደቡብ አርጋቸው፣ ምዕራብ ላይ ሽንት ቤት፣ እቃ ቤት ምናምን ጣልበት። ከዚራ ሰፈር ሂድና የድሮዎቹን የባቡር ሰዎች ቤቶች እያቸው ባክህ፣ ወፍራም ግንብ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ በረንዳ፣ የእንጨት መስኮት፣ ዛፍ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ሲደርስ ኤሲ የት ነበርና!

እኔ ከረፈደ ያረኩት፣ ጣራውን ነጭ ቀለም አስቀባሁት (አቧራው ስለሚያጠቁረው ታጥበዋለህ)፣ ከክፈፉ ስር በሁለቱም በኩል ለኮርኒሱ አየር መውጫ ቀዳዳ አስከፍቼ ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ አስመታሁ፣ በምዕራብ በኩል በረንዳ ቀጥዬ ሰሌን ጋረድኩበት፣ ከፊቱ የኒም ዛፍ ተከልኩ። ከሁሉም ለውጡ የታወቀኝ የኮርኒሱ ቀዳዳ ነው፣ ወጪውም ትንሽ።

እና "ቀን ከፍታችሁ አናፍሱት" ብለሽ ኮመንት ያረግሽው እህቴ፣ ይቅርታ ግን ድሬ ላይ ይሄ ተቃራኒው ነው። ቀን ከከፈትሽ እኮ የውጪውን ወላፈን ነው ቤት የምታስገቢው። እኔ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መስኮትም መጋረጃም እዘጋለሁ፣ ሲመሻሽ ውጪው ከቤቱ ሲቀዘቅዝ ሁሉንም ወለል አርጌ ከፍቼ አድራለሁ፣ ግንቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። መስኮቱ ላይ የትንኝ ወንፊት የግድ ነው ታዲያ፣ ደንጊ (ትንኝ የሚያስተላልፈው ትኩሳት) የያዘው ሰው ያውቀዋል።

መሠረት ሳታስወጣ ፕላኑን እዚሁ ለጥፈው፣ ሰሜኑ በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ምልክት አርግበት።