ልምድ የለኝም ላልሽው እህታችን

ጥያቄ፦ ሰላም የዝግጅት ክፍሎች፣ ከጅማ ሄርማታ አካባቢ ነኝ። በ2016 ከጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከዛ ወዲህ ቴሌግራም ላይ ባየሁት ማስታወቂያ ሁሉ ሲቪ እልካለሁ ግን አንድም ሰው ደውሎልኝ አያውቅም። ሲቪዬ ሶስት ገጽ ነው፣ የወሰድኳቸው ኮርሶች በሙሉ አሉበት። ልምድ ግን የለኝም፣ ኢንተርንሺፕ አጋሮ አካባቢ እሸት ቡና መፈልፈያ ነበር የወጣሁት፣ ሌላ ደግሞ አጎቴ የሞተር ጥቅለላ ቤት (የተቃጠለ ሞተር ኮይል እንደገና የሚጠቀለልበት) ስላለው እሱን አግዘዋለሁ፣ ይሄ ሲቪ ላይ ይጻፋል እንዴ? ሰ. ነኝ

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ልምድ የለኝም ብለሽ ወዲያው ሁለት ልምድ ነገርሽን እኮ! ችግሩ እዚህ ጋር ነው፣ ሶስቱን ገጽ የሞላው ኮርስ ነው፣ በእጅሽ የሰራሽው ግን ቦታ አላገኘም። የሚቀጥርሽ ኢንጂነር ኤሌክትሪካል የተማረ ሰው ምን ኮርስ እንደሚወስድ ያውቃል፣ እሱም ያንኑ ነው የተማረው፣ ስለዚህ ኮርሶቹን በሙሉ አውጫቸውና ሲቪው አንድ ገጽ ይሁን።

"ኢንተርንሺፕ ሰርቻለሁ" የሚል መስመር ብቻውን ምንም አይናገርም። ምን ማሽን ነበር፣ ስንት ኪሎዋት፣ ምን ተበላሸ፣ አንቺ ምኑን ነካሽ? ለምሳሌ "የ11 ኪሎዋት መፈልፈያ ሞተር የስታር ዴልታ ፓኔል ከኤሌክትሪሻኑ ጋር ገጥሜያለሁ፣ የተቃጠለ ኮንታክተር ቀይሬያለሁ" ብትዪ አንባቢው ስራው ቦታ ላይ ያይሻል፣ ቁጥሩ ግን የግድ ያንቺ መሆን አለበት ምክንያቱም የጻፍሽው መስመር ሁሉ ኢንተርቪው ላይ ጥያቄ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስታር ዴልታ (ሞተሩን በስታር አስነስቶ ከዛ ወደ ዴልታ የሚያዞረው አነሳስ) ለምን ትባያለሽ፣ ያኔ በስታር ሲነሳ ከመስመር የሚስበው ከረንት በቀጥታ በዴልታ ቢነሳ ከሚስበው አንድ ሶስተኛ እንደሆነ፣ የመነሻ ጉልበቱም በዛው ልክ ስለሚቀንስ ጭነት ሳይበዛበት መነሳት እንዳለበት መመለስ ከቻልሽ ሲቪሽን ያመኑታል። ሶፍትዌርም እንደዛው ነው፣ "ፒኤልሲ" (ፕሮግራም ተደርጎ ማሽን የሚቆጣጠረው መሳሪያ) ብቻ ከምትዪ "ሲመንስ ኤስ7-1200፣ ላደር፣ ላብ ውስጥ" በዪ፣ ላብ ከሆነ ላብ ነው በቃ ምንም አያሳፍርም። አውቶካድ 80 ፐርሰንት እያሉ በባር የሚስሉት ነገር ግን ለማንም አይጠቅምም።

የአጎትሽ ቤት ይጻፋል ወይ? ይጻፋል! እንደውም ለጥገና ስራ ስታመለክቺ እኔ ብሆን ከጂፒኤው በላይ አስቀምጠው ነበር። ኮይል ቆጥሮ የጠቀለለ፣ ከዛ በሜገር ኢንሱሌሽኑን የለካ ሰው ፋብሪካ ውስጥ ይፈለጋል። "ረዳት" ብለሽ በትክክል ጻፊው፣ የሰራሻቸውንም ፎቶ አንሺና ያዢ።

ደግሞ ብዙ ልጆች የማያስተውሉት ነገር፣ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ሲቪ ላይ 2016 ብለሽ ከተውሽው አንባቢው የውጭ አቆጣጠር መስሎት እስካሁን የት ነበረች ይላል፣ ስለዚህ 2024 አድርጊውና ሌሎቹንም ቀኖች በአንድ አቆጣጠር አስኪጃቸው። ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቁመት፣ ሆቢ ምናምን ኮምፒውተር ጽሁፍ ቤት ያለው ቅጽ ስለሚጠይቅ ብቻ ነው የሚገቡት፣ አውጫቸው። ስምሽ ቴምፖሽ (ጊዜያዊ ዲግሪሽ) ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ ፋይሉን በፒዲኤፍ አድርገሽ በስምሽና በስራ መደቡ ሰይሚው።

አንዱን ሲቪ ለሁሉም አትላኪ። ማስታወቂያው ጥገና ካለ መፈልፈያውና ጥቅለላው ከላይ ይምጡ፣ ዲዛይን ካለ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽና አውቶካዱ፣ ማስታወቂያው የተጠቀመበትንም ቃል እሱኑ ተጠቀሚ። መንግስት መስሪያ ቤት ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ምዝገባውና ፈተናው ስለሆነ እዛ ላይ ሲቪ በማሳመር ብዙ አትድከሚ።

ሪፈረንስ ላይ መፈልፈያው ጋ የነበረውን ሱፐርቫይዘርሽን አስገቢ፣ ግን መጀመሪያ ደውለሽ አስፈቅጂው፣ የትኛውን ሞተር አብራችሁ እንደሰራችሁም አስታውሺው። ቶሎ ደውዪ ታዲያ፣ እሸት መግባት ከጀመረ ስልክ የሚያነሳበት ጊዜ አይኖረውም።