ኩሬው ይድረቅ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ አካባቢ አነስተኛ ሎጅ አለኝ። ከቤቶቹ ጀርባ ያለው ሁለት ሄክታር ያህል መሬት ዝም ብሎ ሳር ከሚያበቅል ብዬ ባለፈው ዓመት ሦስት አጫጭር የጎልፍ ጉድጓዶች፣ ማለትም ከመነሻው እስከ ባንዲራው ያሉ የጨዋታ መስመሮች፣ አሠራሁበት። በቴሌቪዥን እንዳየሁት አንዱን በኩሬ ከበብኩት፣ ሁለተኛው ላይ ስድስት ቦታ አሸዋ አስሞላሁ፣ ሦስተኛውን በባህር ዛፎቹ መካከል አሳለፍኩት። ፈታኝ እንዲሆን ብዬ ነበር። እንግዶች ግን አንዴ ሞክረው ዱላውን ያስረክቡና ቡና ሊጠጡ ይገባሉ። ልጄ «ኩሬውን አድርቂው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ያፈሰስኩበት ገንዘብ ያንገበግበኛል። ምን ይሻለኛል?
*የሎጅ ባለቤት፣ ከሱሉልታ*

መልስ፦ ደብዳቤዎን አንብቤ በወረቀት ብቻ መመለስ ስለከበደኝ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መጣሁ። እርስዎ ገበያ ወጥተው ነበር፤ ልጅዎ ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ። አንድ ዱላ፣ አስር ኳስና የግንበኛ ውሃ ልክ ይዤ ነበር። ስመለስ ኳሶቹ ስድስት ቀርተዋል። አራቱ ከኩሬዎ ስር ናቸው፤ ልጆቹ ካወጧቸው ለእነርሱ ይሁኑ።

ቀያሽ ከመሆኔ በፊት፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ከተማው ዳር በነበረ ሜዳ የተጫዋቾችን ቦርሳ እሸከም ነበር። ክፍያው ትንሽ ነበር፤ የተናደደ ሰው ማየት ግን በነጻ ነው። ንዴቱ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ኳሱ አሸዋ ውስጥ ገብቶበት «ምን አቅብጦኝ! በቀኝ ማለፍ ስችል!» እያለ ራሱን የሚረግም ሰው ንዴት ነው፤ ይህ ሰው በሚቀጥለው እሑድ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። ሌላው መውጫ ሳይኖረው የተቀጣው ሰው ንዴት ነው። እሱ የሚረግመው ሜዳውን ነው፤ አይመለስም። የእርስዎ እንግዶች ሁለተኛዎቹ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ኩሬው። በቴሌቪዥን ያዩት ፍሎሪዳ ውስጥ ያለውን የሶውግራስ ሜዳ 17ኛ ጉድጓድ መሆን አለበት፤ ባንዲራው የሚተከልበት ግሪን ደሴት የሚመስለውን። ንድፍ አውጪው ፒት ዳይ መጀመሪያ እንዲህ አላሰበውም። በቦታው ጥሩ አሸዋ ስለነበረ ለሌሎቹ ጉድጓዶች ሲዛቅ፣ ሲዛቅ ትልቅ ጎድጓዳ ቀረ፤ ውሃ እንሙላው የሚለው ሐሳብ የሚስቱ የአሊስ ነው። ከመነሻው እስከ ግሪኑ 125 ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግሪኑ ራሱ ግን 24 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። የእርስዎን በእርምጃ ለካሁት፤ ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ እርምጃ በምታህል ደሴት ላይ ኳስ የሚያሳርፍ ሰው ሱሉልታ ምን ይሠራል? ኑሮውን የሚያገኘው በዚያው ጨዋታ ነው።

ቢሆንም ኩሬውን አያድርቁት፤ በዚህ ከልጅዎ ጋር አልስማማም። ግማሹን ይሙሉት። በግራ ያለው ውሃ ይቆይ፤ በቀኝ በኩል አፈር ተሞልቶ መሬቱ ከግሪኑ ጋር ይገናኝ፤ በዚያውም ግሪኑ ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ባንዲራውን ወደ ውሃው አስጠግተው ይትከሉት። ጀማሪው በደረቁ መሬት ዞሮ በሁለት ምት ይደርሳል፣ ኳሱም በኪሱ ትቀራለች። በጉልበቱ የሚተማመነው ደግሞ በውሃው ላይ አቋርጦ ይሞክራል። ከሰጠመችበትም ማንም አላስገደደውም።

ስለ አሸዋው ልቆጣዎት ነው። አሜሪካ ያለውን የኦገስታ ናሽናል ሜዳ ከዝነኛው ተጫዋች ከቦቢ ጆንስ ጋር የነደፈው አሊስተር ማኬንዚ፣ በሙያው ሐኪም የነበረ ሰው፣ ሜዳው እ.ኤ.አ. በ1933 ሲከፈት ለ18 ጉድጓዶች የሠራው የአሸዋ ጎድጓዳ 22 ብቻ ነበር። እርስዎ ለአንድ ጉድጓድ ስድስት! ማኬንዚ ተጫዋች የጠፋ ኳስ ፍለጋ ሳር ውስጥ ሲርመጠመጥ ማየትም አይወድም ነበር፤ የሜዳ ጉድለት አድርጎ ነው የቆጠረው።

የሚያሳዝነው ከሦስቱ ምርጡ መሬት የሁለተኛው ጉድጓድ መሆኑ ነው። ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ ቀስ ብሎ ይዘቀዝቃል፤ ሌላ ቦታ ሰዎች ይህን ለማግኘት ዶዘር ያስገባሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ኖርዝ ቤሪክ በሚባል ሜዳ 15ኛው ጉድጓድ እንዲሁ ነው። ስሙን ሬዳን ያሉት በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ከነበረ ምሽግ ወስደው ነው፤ በዓለም ላይ የእሱን ያህል የተቀዳ ጉድጓድ ጥቂት ነው። ግሪኑ በሰያፍ ተጋድሟል፣ በፊት ግራ በኩል ጥልቅ አሸዋ ይጠብቀዋል። ባንዲራው ከአሸዋው ኋላ ሲሆን በቀጥታ መምታት ድፍረት ይጠይቃል። ብልሁ ተጫዋች ግን ኳሱን በቀኝ ጥግ ያሳርፍና ለቁልቁለቱ ይተዋታል።

እኔም ቅዳሜ እንደዚያው አደረግኩ። ኳሷ ከባንዲራው 15 እርምጃ ያህል ርቃ ወደቀች። የቆመች መሰለች። ከዚያ ወደ ግራ ዘንበል አለች፣ በዝግታ ተንከባለለች፣ የበግ ኮቴ በተወው ጠባሳ ላይ ትንሽ ተንገዳገደች፣ እንደገና ቀናች። ልጅዎ የቡናውን ረከቦት ትታ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። ልትገባ አንድ ክንድ ሲቀራት ከአምስተኛው አሸዋዎ ውስጥ ገባች። ያንን አሸዋ ዛሬውኑ ይድፈኑት። ከስድስቱ ውስጥ ከፊት በግራ ያለውን ብቻ ያስቀሩ፤ እሱን እስከ ጉልበት ያስቆፍሩት።

ሦስተኛው ቀላል ነው። በባህር ዛፎቹ መካከል ያለው ስፋት 14 እርምጃ ነው፤ መንገድ እንጂ ሜዳ አይባልም። የግራውን ረድፍ ያስቆርጡ፤ አጣናው ሲሸጥ የኩሬውን አፈር ወጪ ሳይሸፍን አይቀርም። ከዛፎቹ ስር ሳር እንደማይበቅል መቼም እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የሦስተኛው ግሪን ችግር ሌላ ነው። ውሃ ልኬን ባንዲራው ስር አስቀምጬ ብለካው በ1 ሜትር 7 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ሳሩ አጥሮ ሲታጨድ ኳስ እዚያ ላይ አትቆምም፤ አንድ እንግዳ ከላይ ቢነካት ዛፉ ስር ነው የሚያገኛት። ጉድጓዱ በሚቆረጥበት አካባቢ ቁልቁለቱ በ1 ሜትር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ሲያፈርሱት አፈሩንም ይለውጡ፦ መረሬ ነው፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከስር 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከላዩ 30 ሳንቲ ሜትር አሸዋ የበዛበት አፈር ያድርጉ። ውሃው የሚወጣበት ቦይም ይኑር።

ስለ ሳር ዘር ከውጭ ላስመጣ ብለው እንዳይደክሙ። በሞቃት አገር ሜዳዎች ላይ ቤርሙዳ እያሉ የሚያሳምሩት የእኛው ሰርዶ ዘር ነው፤ አህያዋ ከሞትኩ አይብቀል ያለችው። የኅዳር ውርጭ ያነጣዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ሎጅዎ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ከባህር ጠረፍ አገር ቢያንስ አንድ አስረኛ ያህል ርቃ ትሄዳለች። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ግሪኑን አልፈው የሚመቱት ለዚህ ነው። መነሻው ላይ በአንዲት ሳንቃ ይጻፉላቸው፤ በራሳቸው ክንድ ከሚያፍሩ።

ጥያቄ፦ ለምን 18 ጉድጓድ ሆነ? የጉድጓዱስ አፍ ስንት ነው? ከሠፈር ልጆች ጋር ለገጣፎ ዳር ባዶ መስክ ላይ አንድ ለመቆፈር አስበናል።
*የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ከለገጣፎ*

መልስ፦ 18 የሆነው በአጋጣሚ ነው። ስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ላይ አንድ ዙር 22 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1764 አጫጭሮቹን አጣምረው 18 አደረጉት፣ ሌላውም ተከተለ። እናንተ በአንድ ብትጀምሩ ማንም አይከሳችሁም።

የአፉ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ አልተለወጠም። ጥልቀቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የቧንቧ ሠራተኛ ካወቃችሁ ባለ 110 የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ ለምኑት፤ በ2 ሚሊ ሜትር ማንም አይጣላችሁም። ጫፉን በሞረድ ሳሉት፣ መሬቱን ከማታ ጀምራችሁ ውሃ አጠጡት፣ ጠዋት ቱቦውን እያሽከረከራችሁ ስደዱት። ቱቦውን ስትቀብሩት አፉ ከሳሩ ሁለት ጣት ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ ኳሷ ጠርዙን መትታ ትመለስባችኋለች።