ወደ እግር የሚወርድ የወገብ ሕመም፦ ለሹፌሩ ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ከወገብህ ተነሥቶ በግራ መቀመጫህ በኩል እስከ ባትህ ይነዝርሃል። ኤምአርአይ ተነሥተህ ዲስክህ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶችህ መካከል ያለው ትራስ፣ ተንሸራቷል ተብለሃል። ቤተሰብ ደግሞ «ደረቅ መሬት ላይ ተኛ፣ እንዳትንቀሳቀስ» ይልሃል። ስፖርት ልጀምር ወይስ ይብስብኛል ነው ያልከው። እኔንም በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ስነዳ ያገኘኝ ይኸው ሕመም ነው። ዛሬም እዚያው መስመር ላይ እየሠራሁ ነው። የተማርኩትንና የጠቀመኝን ሁሉ ልንገርህ።

መልሴ ተንቀሳቀስ ነው። የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚስማማህ ግን እግርህ ነው የሚነግርህ።

ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ሥሮቹ ከታችኛው ወገብ ይነሣሉ። በመቀመጫ አልፎ በጭን ጀርባ ይወርዳል፣ ጉልበት አካባቢ ይከፈልና እስከ እግር ጣት ይደርሳል። ዲስክ ወጥቶ ሥሩን ሲያስቆጣው ጉዳቱ ያለው ወገብ ላይ ነው፣ ሕመሙ የሚሰማው ግን ባት ላይ ነው። ባትህን ብታሳሽ፣ ቅባት ብትቀባ ብዙም ለውጥ የማታየው ለዚህ ነው።

ያከመችኝ ፊዚዮቴራፒስት ከሁሉ በፊት ያስተማረችኝ ሕመሙ ወዴት እየሄደ እንደሆነ መከታተል ነው። አንድ እንቅስቃሴ ስትሠራ ሕመሙ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ ከወጣ ጥሩ ነው። ወገብህ ላይ ትንሽ ቢጨምርብህም ቀጥል። ወደ ታች ከወረደ ወይም እግርህ ከደነዘዘ ግን ያን እንቅስቃሴ እዚያው አቁም። «ጨክነህ ቻለው፣ ይለቅሃል» የሚሉህን አትስማ። ነርቭ በጭካኔ አይድንም።

ይህ ነገር የተስተዋለው በአጋጣሚ ነው። ሮቢን ማኬንዚ የሚባል የኒውዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት ነበር። በፈረንጆቹ 1956 ወደ እግሩ የሚወርድ ሕመም ያለበትን ታካሚ አልጋ ላይ ሆኖ እንዲጠብቀው ነግሮት ወጣ። አልጋው ራስጌው ከፍ ተደርጎ ነበር። ሰውየው እንደዚያው በሆዱ ተኛበት፣ ወገቡ ወደ ኋላ እንደተለጠጠ ቆየ። እንዲህ መለጠጥ ይጎዳል ይባል ነበርና ማኬንዚ ሲመለስ ደነገጠ፣ ታካሚው ግን እግሩን እንደተሻለው ነገረው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሰጠው ልምምድ ከዚያ የመጣ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ምንጣፍ ላይ በሆድህ ተኝተህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይ። ሕመሙ ወደ ታች ካልወረደ በክርንህ ተደገፍ። እሱም ከተስማማህ መዳፍህን መሬት ላይ አድርገህ ደረትህን ቀስ ብለህ አንሣ፣ ዳሌህ ከመሬት አይነሣ። አሥር ጊዜ ሠርተህ ተነሥ። በቀን አንዴ ብዙ ከመሥራት ይልቅ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መሥራት ይሻላል። መንገድ ላይ መኪናህን አቁመህ መሬት መተኛት ካልቻልክ ቆመህ ሥራው። ሁለቱን እጆችህን ወገብህ ላይ አድርግና ጉልበትህን ሳታጥፍ ወደ ኋላ ተለጠጥ። እኔ አዋሽም፣ ገዋኔም፣ ሚሌም፣ የትም ብቆም መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ለሁሉም አይሆንም። በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች የአከርካሪያቸው ቦይ ሲጠብ ሕመሙ ቆመው ሲሄዱ ይብሳል፣ ሲቀመጡ ወይም ጎንበስ ሲሉ ይለቃቸዋል። ለእነሱ ወደ ኋላ መለጠጥ ያባብሳል።

ቀጥሎ የእግር መንገድ አለ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጂምም አይፈልግም። በ2024 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም የዳኑ ሰዎችን በሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን በባለሙያ እየተመከረ ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ እስከ መራመድ ደረሰ፣ ሌላው ምንም አልተሰጠውም። ሕመሙ እስኪመለስ የፈጀው መካከለኛ ጊዜ ለሚራመዱት 208 ቀን፣ ለሌሎቹ 112 ቀን ነበር። አንተ ገና ሕመሙ ላይ ስለሆንክ በአምስት ደቂቃ ጀምር። ሜዳማ ቦታ ምረጥ። እግርህ መንዘር ሲጀምር ተመለስ፣ ከሰዓት ደግሞ ድገመው።

ሕመሙ ጋብ ሲልልህ ወገብን የሚደግፉትን ጡንቻዎች ማጠንከር ጀምር። በእጅና በጉልበትህ ተንበርክከህ ቀኝ እጅህንና ግራ እግርህን አንድ ላይ ዘርጋ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይተህ ለውጥ። በጀርባህ ተኝተህ ጉልበትህን አጥፈህ መቀመጫህን ከመሬት አንሣ። በሆድ ጡንቻ ተነሥቶ መቀመጥን እና ጎንበስ ብሎ ጣት መንካትን ግን ለጊዜው እርሳቸው። ሰው ጭኑ ሲያዘው መሳብ ያምረዋል፣ የተቆጣ ነርቭ ግን ሲወጠር ይብስበታል። ወጌሻ ጋ ሄደህ ጀርባህን ማስረገጥም ይቅርብህ፣ እባክህ።

አሁን ወደ ጋቢናው። ለእኛ ሹፌሮች ስፖርቱን አሳምረን ሠርተን ቀኑን ሙሉ በአጉል አቀማመጥ ከዋልን ልፋቱ ከንቱ ነው። መቀመጫህን ወደ ፊት አስጠጋ። ፍሪሲዮን ስትረግጥ ጉልበትህ እጥፍ ብሎ መቅረት አለበት። ወገብህ ጎብጦ እግርህ ከተዘረጋ ግራ ነርቭህን በየማርሹ እየጎተትከው ነው። መደገፊያውን ትንሽ ወደ ኋላ አጋድም፣ ፎጣ ጠቅልለህ ወገብህ ጎድጎድ ያለበት ቦታ አድርግ። ቦርሳህን ከኋላ ኪስህ አውጣ። በየሰዓቱ ባይሆንልህ እንኳ በየሁለት ሰዓቱ ውረድ። የጫት ወንበር ላይ ረጅም ሰዓት መዋል ለወገብህ ሌላ መንዳት ነው፣ እሱንም አስብበት።

ሁለት ጊዜያት ደግሞ አሉ፣ አደራ። አንዱ ጠዋት ነው። ሌሊት ዲስክ ውኃ ስቦ ያብጣል፣ ስለዚህ እንደተነሣህ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ጎንበስ ብለህ ጎማ አትፍታ፣ ክሪክ አታንሣ። ሁለተኛው ረጅም መንገድ ነድተህ እንደወረድክ ያለው ነው። ወዲያው ሸራ አትጎትት፣ ጭነት አታንሣ። አምስት ደቂቃ ተራመድ፣ ረዳትህ ይጀምር። የምትሰግድ ከሆነም ሕመሙ እስኪበርድ የንስሐ አባትህን ወይም ኢማምህን አማክር፣ ለታመመ ሰው መላ አለው።

ስለ ኤምአርአዩ ብዙ አትጨነቅ። በፈረንጆቹ 1994 የአሜሪካ ሐኪሞች ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 98 ሰዎች አንሥተው ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ወደ ውጭ ያበጠ ዲስክ አግኝተዋል። የወጣ ዲስክም ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ እየመጠጠው ይቀንሳል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ኦፕራሲዮን ይሻለዋል። ለነርቭ ተብሎ የተሰጠህ መድኃኒት እንቅልፍ የሚያስይዝ ከሆነ ግን መሪ አትጨብጥ።

እነዚህን ካየህ ስፖርቱን ትተህ ያን ቀን ሆስፒታል ሂድ፦ ሽንት እምቢ ማለት ወይም ማምለጥ፣ ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በጭንህ መሃልና በመቀመጫህ ዙሪያ መደንዘዝ፣ ሁለቱም እግር መዛል፣ የእግርህ መዳፍ አልነሣ ብሎ መጎተት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት አብረው ካሉም ዝም አትበል፣ የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን አለ።

አንድ ነገር አልጻፍክም። የሚብስብህ ስትቀመጥ ነው ወይስ ቆመህ ስትሄድ? ስትቀመጥ ከሆነ በሆድ የመተኛቱን ዛሬ ማታ ሞክረውና ሕመሙ ወዴት እንደሄደ ጻፍልኝ። ስትቆም ከሆነ ግን ፊዚዮቴራፒስት ሳያይህ አትጀምረው።