ጥብቅ ነው የተባለው ጉልበት ሲዞሩ ለምን ይከዳል?

ወንድሜ፣ የጻፉትን በጥሞና አነበብኩት። ኤሲኤል የተባለው የጉልበት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ከአንድ ዓመት በፊት ከጭንዎ ኋላ በተወሰደ ምትክ ጅማት ተሠርቶልዎታል፤ ሐኪሙ እግርዎን ወደ ፊት ጎትቶ ሲፈትሽ «ጥብቅ ነው» ይልዎታል፤ እርስዎ ግን ሜዳ ገብተው አቅጣጫ ለመቀየር በዞሩ ቁጥር ጉልበትዎ ይከዳዎታል። በጉልበት ቀዶ ሕክምና ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ቅሬታ ከብዙ ወጣቶች ሰምቻለሁ። የሐኪሙ ፍተሻም የእርስዎ ስሜትም ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያቱን ለመረዳት ግን የጅማቱን አነሳስና አወራረድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ጅማት የሚነሣው በጭን አጥንት ታችኛ ጫፍ ካሉት ሁለት ጉብታዎች ከውጭኛው፣ ያውም ከውስጠኛ ግድግዳው የኋላ ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ መሃል እየተንጋደደ ወርዶ በቅልጥም አጥንት አናት ላይ፣ ከመሃሉ ፊት ለፊት ያርፋል። ርዝመቱ በአብዛኛው ሰው ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። ክሮቹ በሁለት ጥቅሎች የሚከፈሉ ሲሆን፣ ከፊትና ከውስጥ በኩል የሚያርፈው ጥቅል ጉልበት ሲታጠፍ ይወጠራል፤ ከኋላና ከውጭ በኩል የሚያርፈው ደግሞ ጉልበት ወደ መዘርጋቱ ሲቃረብ ይወጠራል። ተጫዋች እግሩን ተክሎ በሚዞርበት ቅጽበት ጉልበቱ የሚታጠፈው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የቅልጥሙን መዞር በመግታት ረገድ የሁለተኛው ጥቅል ድርሻ ከፍተኛ ነው።

ጅማቱ ለምን እንዳልተሰፋ ላነሡት ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። ከጉልበት ጎን ያለው የውስጠኛው ጅማት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል፤ መስቀለኛው ጅማት ግን በመገጣጠሚያው መሃል ስላለ፣ በተበጠሰው ቦታ የሚረጋው ደም በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ይበተናል፣ ጫፎቹን የሚያገናኝ ድልድይም አይፈጠርም። ሄይ ግሮቭስ የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1917 ከጭን ጎን በወሰደው ጠንካራ ሽፋን ጅማቱን እንደ አዲስ ሠርቷል፤ ዛሬም ዋናው መንገድ መተካት ነው።

ሕመምተኞች አጥብቀው የሚጠይቁት ምትኩ ከየት እንደተወሰደ ነው፤ ከጭን ኋላ ነው ወይስ ከጉልበት ሎሚ ሥር? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ እንደ እኔ እምነት ከዚያ ይበልጥ የሚያሳስበው ምትኩ የሚያልፍበት ቀዳዳ በጭን አጥንት ላይ የት ተበሳ የሚለው ነው። ለረጅም ጊዜ በሰፊው ሲሠራበት በቆየው ዘዴ የጭኑ አጥንት የሚበሳው በቅልጥሙ ቀዳዳ ውስጥ ባለፈ መሰርሰሪያ ስለነበር፣ አቅጣጫው በታችኛው ቀዳዳ ይወሰናል፤ ከፍተኛ ጥንቃቄ ካልተደረገም የላይኛው ቀዳዳ ከተፈጥሮው ቦታ ከፍ ብሎ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ወዳለው ክፍተት ጣሪያ ይጠጋል። በዚያ ቦታ የታሰረ ምትክ ተንጋዶ በመውረድ ፈንታ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይሸሽ በመጠኑ ይይዘዋል፣ በእጅ ሲጎተትም ጥብቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ጉልበቱ ለሚዞርበት መሃል ዘንግ በጣም ስለሚቀርብ መዞሩን ለመግታት አቅም ያንሰዋል። የእርስዎ ምልክት ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል።

ጅማቱ በሚነሣበት በውጭኛው ጉብታ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ የአጥንት ሸንተረር አለች፤ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ታጥፎ በአርትሮስኮፒ፣ ማለትም ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ሲታይ የተፈጥሮው ጅማት በሙሉ ከእርሷ በታች ነው የሚገኘው። ልምድ ያላካበተ ሐኪም የግድግዳው የኋላ ጠርዝ መስላው እዚያው ቆሞ ሊበሳ ይችላል። ዛሬ ብዙዎቻችን በጉልበቱ የፊትና የውስጥ በኩል በተከፈተ ሌላ ቀዳዳ ገብተን፣ ጉልበቱን አብዝተን አጥፈን የጭኑን አጥንት ለብቻው የምንበሳው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሆኖም እርስዎን ሳልመረምር ጥፋቱን ሁሉ በቀዳዳው ላይ መጣል አልችልም። ያልታየ የሜኒስከስ (በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ ያለው ንጣፍ) መቀደድ፣ የጉልበቱ የኋላና የውጭ ማዕዘን ጉዳት፣ የቅልጥም አናት ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ማዘንበል፣ ወይም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በደንብ ያልጠነከረ የጭን ፊት ጡንቻም ጉልበትን ያስከዳሉ። የመጨረሻው በቂ ፊዚዮቴራፒ ባላገኙ ሰዎች ላይ በጣም የተለመደ ስለሆነ አቅልለው አይዩት። ከጉልበቱ ውጭ፣ በፊትና በጎን በኩል ያሉት መዋቅሮችም መዞርን በመግታት ይረዳሉ። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት ያልበለጠ ከ600 በላይ ወጣቶች በተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ ከውስጡ ምትክ በተጨማሪ በውጭ በኩል ማጠናከሪያ ሲደረግ በሁለት ዓመት ውስጥ የምትኩ መበጠስ ከ11 በመቶ ወደ 4 በመቶ ዝቅ ብሏል።

ስለዚህ ጉልበቱን ከመጎተት አልፎ ቅልጥሙን እያዞሩ የሚደረገው ፍተሻ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ፤ ሰው ነቅቶ ሳለ ጡንቻውን ስለሚያጠብቅ ይህ ፍተሻ አንዳንድ ጊዜ በማደንዘዣ ሥር ብቻ ነው በትክክል የሚታየው። የፊትና የጎን ራጅ፣ የቀዳዳዎቹን ቦታና ስፋት የሚያሳይ ሲቲ ስካን፣ ለሜኒስከሱም ኤምአርአይ ያስፈልጋሉ። ውጤቱ እስኪታወቅ ኳሱን ያቁሙ፤ ጉልበቱ በከዳ ቁጥር ሜኒስከሱና ልስልሱ አጥንት ይጎዳሉ። ዳግመኛ ኦፕራሲዮን አስፈላጊ ሆኖ ቢገኝ፣ የድሮው ቀዳዳ ከትክክለኛው ቦታ ራቅ ያለ ከሆነ ሥራው በአንድ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል፤ ከአዲሱ ጋር የሚነካካ ወይም በጣም የሰፋ ከሆነ ግን መጀመሪያ በአጥንት ተሞልቶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው ምትኩ የሚገባው። ይህን ለመወሰን የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ማስታወሻ ብዙ ስለሚረዳ፣ ውጭ አገር ታክመው ከሆነ እንኳ ጽፈው ያስልኩ፤ በውስጡም የምትኩ ውፍረት፣ የጭኑ አጥንት የተበሳበት መንገድ፣ የማሰሪያው ዓይነትና ከሜኒስከሱ የተቆረጠ ነገር ካለ መጠኑ መመዝገቡን ያረጋግጡ።