ወንበሩን መግዛት ቀላሉ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራት ዓመት ተቀጥረሽ ሠርተሻል፤ አሁን አዲስ አበባ ላይ የራስሽን የጥርስ ክሊኒክ ልትከፍቺ ነው። «ከወንበሩና ከኤክስሬዩ ሌላ ምን ይጠብቀኛል?» ነው ያልሽው። እኔ ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስለ ካፒታሉ ሌሎቹ ነግረውሻል፤ እኔ ውሎዬን ልንገርሽ።

ተቀጥረሽ ስትሠሪ ጠዋት ትገቢያለሽ፣ ወንበሩ ይሠራል። ማን እንዳሠራው አትጠይቂም። እኔም አልጠየቅኩም ነበር። አሁን በር ከፍቼ ስገባ መጀመሪያ የማዳምጠው ኮምፕረሰሩን፣ ለመሰርሰሪያው አየር የሚያምቀውን ማሽን፣ ነው። ሞልቶ ዝም ካለ ሰላም ነው። ሳያቋርጥ ካጓራ የሆነ ቦታ አየር እየወጣ ነው። ማታ ማታ ውስጡ የሚጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ የማን ሥራ እንደሆነ በስም ጽፈሽ ለጥፊ። እኛ ጋ የሁሉም ሥራ ነበር፤ ስለዚህ ማንም አልሠራውም። ውሃው በቱቦው ሄዶ ሃንድፒስ (መሰርሰሪያው) ውስጥ ገባ፣ በአንድ ወር መሰርሰሪያውን የሚያሽከረክሩ ሁለት ተርባይኖች በላብኝ። ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት አውቶክሌቩም እንደዚያው ነው። የቧንቧ ውሃ ከጨመርሽበት ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ግዢ።

መብራትማ አታንሺው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻውን የታች መንጋጋ እያወጣሁ ነበር። ድዱ ተከፍቷል፣ ጥርሱን ለሁለት ልቆርጠው ግማሽ ላይ ደርሻለሁ። ድርግም! ጄኔሬተር አለን፤ ነዳጅ ግን የለውም። ዘበኛው ጀሪካን ይዞ ወጣ። ነርሷ የሞባይሏን መብራት አበራች፣ እኔ ጎዝ ተጭኜ ቆምኩ። ሃያ ደቂቃ። ታካሚዬ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በደነዘዘ አፋቸው «አለቀ እንዴ ዶክተር?» አሉኝ። «ትንሽ ቀረን» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነዳጁን በዓይኔ ሳላይ ድድ አልከፍትም።

ዕቃው ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ማደንዘዣው፣ ጥርስ የምንሞላበት ኮምፖዚቱ፣ መርፌው ሳይቀር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኔ የሙሌት ዋጋ ለመጨመር ሦስት ወር አመነታሁ። የሰፈሬ ሰው ነው፣ በየቀኑ እንተያያለን፣ አፈርኩ። ያ ሦስት ወር ከኪሴ ነው የሄደው። አንቺ አትፈሪ። ደግሞ ተወደደ ተብሎ ብዙ ገዝቶ ማከማቸትም ሞኝነት ነው። ኮምፖዚት ጊዜው ያልፋል፤ አንድ መሳቢያ ሙሉ ጥያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከመብራትም ከዶላርም በላይ የሚያደክመኝ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) ጀምሮ የሚጠፋ ታካሚ ነው። ሰው እኛ ጋ የሚመጣው ሌሊቱን ሙሉ ሲንቆራጠጥ አድሮ ነው። ቅርንፉዱን ነክሶ፣ አረቄ ይዞበት፣ የጎረቤት ማስታገሻ ውጦ ሁሉ አልሆን ሲለው። ትከፍቺለታለሽ፣ ነርቩን ታወጫለሽ፣ በበረኪና ታጥቢዋለሽ (አንዷ እናት ሽታው ሲመጣባቸው «ልብስ አደረግሽኝ?» ብለዋል)፣ መድኃኒት አስቀምጠሽ በጊዜያዊ ሙሌት ትዘጊዋለሽ። ማታውን ተኝቶ ያድራል። ሕመሙ ሲቆም ታካሚውም ይቆማል።

ከስምንት ወር በኋላ ጉንጩ አብጦ ይመጣል። ጊዜያዊው ሙሌት ወልቋል፣ ጥርሱ ተሰንጥቋል። መንቀል ብቻ ነው የቀረው። ታዲያ በር ላይ ቆሞ ምን ይላል? «ያኔ የሠሩልኝ ጥርስ ነው እኮ!» ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ይሰማሉ። ምን ትመልሻለሽ? እኔ መጀመሪያ ላይ እከራከር ነበር። አሁን በመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ «ሕክምናው አላለቀም» ብዬ በቀይ እጽፋለሁ፣ ታካሚውን አስፈርማለሁ። ነርሷ በሦስተኛው ቀን ትደውላለች። ክፍያውን ደግሞ አብዛኛውን በመጀመሪያው ቀን እቀበላለሁ። ጨካኝ ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። ግን የከፈለ ሰው ይመለሳል፤ ግማሽ ይከፍሉ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ አሁን የምነቅለው አንሷል። መክፈል ለማይችለው ቀስ ብሎ እንዲከፍል አደርጋለሁ፤ እሱን ፊቱን አይተሽ ታውቂዋለሽ።

ገናና ጥምቀት ሲደርስ ከውጭ የሚመጡ ወገኖቻችን አሉ። ጥሩ ይከፍላሉ። ግን በአሥር ቀን ስድስት ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ይፈልጋሉ፣ የአውሮፕላን ትኬታቸውን እያሳዩ። ክራውኑን የሚሠራልን ላብራቶሪ ደግሞ ያን ሰሞን የሁሉም ክሊኒክ ሥራ ተቆልሎበታል። እኔ የመመለሻ ቀናቸውን ሳልጠይቅ ጥርስ አልሞርድም። ተሞርዶ ክራውኑ ሳይደርስ የሄደ ሰው ገጥሞኛል፤ እስከ ዛሬ ስልኩን ሳይ እደነግጣለሁ።

ስለ ቤቱ አንድ ነገር ብቻ። ሕንፃውን ወደሽዋል፣ አከራዩም «ውሃ ችግር የለም» ብሎሻል። ውል ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ቀን በተለያየ ሰዓት ሄደሽ ቧንቧውን ክፈቺው። ኮምፕረሰሩ የት እንደሚቀመጥም ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋገሪ፤ እኔ ድምፁ ረበሸን ተብዬ ሁለት ጊዜ አዛውሬዋለሁ። ውሃው በፈረቃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ደግሞ አከራዩን ሳይሆን ዘበኛውን ጠይቂው።