ሙቁ ክር ሆነ፣ ወለሉ ሸተተ፦ ሴራሚኩ ይነሣ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። መታጠቢያ ቤታችንን አሳድሰን ከጨረስን ሦስት ሳምንት ሆነ። ቧንቧው ሁሉ ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ ፕላስቲክ) ሆኗል፤ ውሃው የሚወርደው 4 ሜትር የብረት ማማ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ ነው። ሻወሩ ላይ ቀዝቃዛው ደህና ይወርዳል፣ ሙቁ ግን ክር ነው። የሽንት ቤቱ ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ደግሞ የወለሉ ማፍሰሻ ይንቦቀቦቅና ቤቱ ይሸታል። ሠራተኛው «ሴራሚኩ ተነሥቶ ይታይ» ይላል። እናስነሣው?

መልስ፦ አያስነሡ፤ ገና ነው። ሁለቱም ችግሮች የት እንዳሉ ሴራሚክ ሳይነካ ይታወቃል።

ከሙቁ እንጀምር። 10 ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። የሮቶው ታች ከሻወሩ ራስ በ2 ሜትር ቢበልጥ የሚያገኙት 0.2 ባር፣ ሮቶው ሲሞላ ደግሞ 0.3 ገደማ ነው። በዚህ ግፊት ትንሽ ጥበት ሁሉ ያስታውቃል። ቀዝቃዛው ከዚያው ሮቶ መጥቶ ደህና ከወረደ ግን ሮቶው አልበደለም፤ ጥፋቱ ከቦይለሩ መግቢያ እስከ ሚክሰሩ (ሙቁንና ቀዝቃዛውን እስከሚቀላቅለው የሻወር ቧንቧ) ባለው መንገድ ላይ ነው። ሙቁ እየተፋና እየተቆራረጠ ቢመጣ አየር ታስሯል እንል ነበር፤ ቀጭን ሆኖ ሳይቆራረጥ ከወረደ ጥበት ነው።

የእጅ መታጠቢያውን ሙቅ ይክፈቱ። እዚያ ጠንክሮ ከወረደ ውሃውን ዘግተው የሻወሩን ሚክሰር ያስፈቱ፤ መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊት የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የቴፍሎን ቁራጭና የቧንቧ ብናኝ ይዛ ያገኟታል። ከእድሳት በኋላ ብዙ ጊዜ ጉዱ ይኸው ነው።

እዚያም ቀጭን ከሆነ ወደ ቦይለሩ ይሂዱ። ብሬከሩን ያጥፉ፣ ውሃው እስኪበርድ ይጠብቁ፣ መግቢያውን ይዝጉ። የሙቁን መውጫ ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ ቱቦ) ከግድግዳው በኩል ፈትተው ጫፉን 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ያድርጉና መግቢያውን መልሰው ይክፈቱ። በ1 ደቂቃ 6 ሊትር ካልሞላ ጥበቱ የመግቢያው ቫልቭ፣ ፍሌክሲብሉ፣ ወይም ቦይለሩ ሥር ያለው፣ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው የማስተንፈሻ ቫልቭ ነው። የዚህ ቫልቭ ስፕሪንግ ለሮቶ ግፊት ይከብዳል፤ ይጸዳል ወይም ይቀየራል። ጨርሶ ቢወጣ ውሃው ወዲያው ይጠነክራልና ሠራተኛው ሊፈተን ይችላል፤ አይፍቀዱለት። መግቢያው ተዘግቶ ሳለ ቴርሞስታቱ ቢበላሽ ቦይለሩ ይፈነዳል። ብሬከሩንም ሙቁ ቧንቧ ላይ ውሃ ሲወርድ ሳያዩ አይመልሱ፤ ባዶ ቦይለር ላይ ማሞቂያው ይቃጠላል።

ባልዲው ደህና ከሞላስ? እንግዲያው የብየዳው ነገር ነው። ፒፒአር በ260 ዲግሪ ይበየዳል፤ 20 ሚሊሜትሩ 5 ሰከንድ፣ 25ቱ 7 ሰከንድ ይሞቃል። አየሩ ከ5 ዲግሪ በታች ሲሆን ጊዜው በግማሽ ይጨመራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ይኸ የሚያጋጥም ነው። ችግሩ፣ ሠራተኛው «ይያዝልኝ» ብሎ ከልክ በላይ ያሞቅና 20ውን ቧንቧ መገጣጠሚያው ውስጥ ከ14 ሚሊሜትር አሳልፎ ይገፋዋል፤ የቀለጠው ወደ ውስጥ ገብቶ ቀለበት ይሠራል። የወፍራሙ 20 ሚሊሜትር ቧንቧ ቀዳዳ 13.2 ሚሊሜትር ነው። ቀለበቱ ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ቢይዝ የውሃው መንገድ ከግማሽ በታች ይሆናል። መጀመሪያ በቦይለሩ ሥር በግልጽ ያሉትን ኤልቦዎች (ማጠፊያዎች) ቆርጠው ያስቀይሩ። ጥፋቱ ግድግዳ ውስጥ ከሆነ ሴራሚክ ከመስበር ከቦይለሩ እስከ ሚክሰሩ በግድግዳው ላይ አዲስ 25 ሚሊሜትር መዘርጋት ይሻላል፤ አያምርም፣ ግን ይሠራል። ተራ ፒፒአር 3 ሜትሩ ከ10 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 22 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማልና ውስጡ አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ያለውን ይግዙ።

ወደ ሽታው። መንቦቅቦቁ ራሱ መልሱን ይናገራል፦ የሽንት ቤቱ ውሃ ቱቦውን ሞልቶ ሲወርድ ከኋላው አየር ይስባል፤ ሌላ የሚስብበት ስለሌለው በወለሉ ሲፎን (ማፍሰሻው ሥር ውሃ ይዞ በሚቀረው ክፍል) በኩል ይስባል፣ ሽታ የሚያግደውንም ውሃ ይዞት ይሄዳል። ለማረጋገጥ 2 ሊትር ውሃ ማፍሰሻው ላይ ያፍሱ፣ ቀጭን እንጨት አስገብተው የረጠበውን ይለኩ፣ ሽንት ቤቱን ይልቀቁና እንደገና ይለኩ። ደህና ሲፎን 50 ሚሊሜትር ውሃ ይይዛል። ከለቀቁ በኋላ 20 ወይም ከዚያ በታች ከቀረ የአየር ማስወጫው ቱቦ የለም፣ ወይም በእድሳቱ ተቆርጦ ተደፍኗል። ከመጀመሪያውም ውሃ ካልያዘ፣ የማፍሰሻው ውስጠኛ ክዳን ተነሥቶ ቀርቷል ወይም ሲፎን አልተገጠመም።

መፍትሔው ከውጭ ነው። ባለ 110 ሚሊሜትሩ የፍሳሽ ቱቦ ከግድግዳው በሚወጣበት፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ባለ 50 ሚሊሜትር ቱቦ ከላዩ ተቀጥሎ በውጩ ግድግዳ ከጣሪያው በላይ ይውጣ፤ አፉ ከመስኮት ይራቅ፣ ወንፊት ይደረግበት። ማፍሰሻውን በሲሊኮን መድፈን ግን ውሃውን ወለሉ ላይ ያስቀራል፣ ጋዙም በእጅ መታጠቢያው በኩል ይመጣል። ቱቦው ከቆመ በኋላ ሽንት ቤቱን ሦስት ጊዜ ተከታትለው ይልቀቁና እንጨቱን እንደገና ያስገቡ፤ 50 ሚሊሜትሩ ውሃ ሳይነካ ከቆየ የሠራተኛውን ቀሪ ሒሳብ ይክፈሉት።