ከሐረር ድሬ ለኢንተርቪው ልውረድ ወይ?

እህቴ፣ «አንድ ትልቅ ድርጅት ከሐረር ድሬዳዋ ድረስ ለኢንተርቪው ጠርቶኛል፤ ይሻለኛል ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለሻል። ሂጂ። ግን የእኔን ስሚ።

እኔም ለሒሳብ ሠራተኛነት ተጠርቼ ነበር። ጠዋት 3 ሰዓት ተባልኩ። የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ወርጄ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ነበርኩ። የገባሁት 6 ሰዓት ተኩል ነው! የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ስልኩን ይጎረጉራል። ሲቪዬን ያነበበ የለም። ስለ ሒሳብ አንድም ጥያቄ አልመጣም። «ባለትዳር ነህ? እዚህ ዘመድ አለህ?» ብቻ። አምስት ደቂቃም አልሞላ። «እንደውላለን» አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ። የቀኑ ትርፌ ድሬ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር የጠጣሁት ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

አንቺ ሳትነሺ ደውለሽ ሰዓቱን አረጋግጪ። ደሞዙን ራስሽ ጠይቂ፤ ነውር የለውም። የሙከራ ጊዜው ስድስት ወር ነው ካሉሽ ዝም ብለሽ እሺ አትበዪ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ዋናውን ዲግሪሽንም እንዳትተዪላቸው፤ ኮፒው ይበቃቸዋል።